«1780» የሚለው ጠገራ ብር ዕድሜው ስንት ነው? ይቅለጥ፣ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ «ከአያታችን ሣጥን 14 የቆየ ገንዘብ ወጣ። 13ቱ የሴት መልክ ያለባቸው ጠገራ ብሮች ናቸው፤ ሁሉም 1780 ይላሉ። አንዱ የአፄ ምኒልክ ነው። ፒያሳ ያለ ወርቅ ሠሪ ‹አቅልጬ በግራም ልግዛችሁ› አለን። አጎቴ ‹240 ዓመት ያለፈው ቅርስ ነው፣ ሚሊዮን ያወጣል› ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ ‹ጣልያን በወረራ ጊዜ ያስገባብን ገንዘብ ነው› ይላል። ማን ነው ልክ? የባዕድ ንግሥት መልክ የእኛ አገር ገንዘብ የሆነው በምን ምክንያት ነው? የምኒልክ ብርስ ለምን ሊተካው አልቻለም? ስለጠቆሩ በሎሚ ልናጥባቸው አስበናል።»

ምላሽ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ሎሚውን ይተዉት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ። ወደ ክርክሩ ስንመጣ አጎትዎ ተሳስተዋል፣ ወንድምዎ ደግሞ ግማሽ እውነት ይዟል።

1780 ጠገራው የተመታበት ዓመት አይደለም፤ የመልኩ አካል ነው። በጠገራው ላይ የምትታየው ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያና የሀንጋሪ ገዥ ሆና ከ1740 እስከ 1780 እ.ኤ.አ. ቆየች፤ የሞተችውም ኖቬምበር 29 ቀን 1780 ነው። ከእሷ በኋላ ልጇ ዳግማዊ ዮሴፍ በራሱ መልክ ገንዘብ አስመታ። በኦቶማን ግዛትና በቀይ ባሕር ዳርቻ ያሉ ነጋዴዎች ግን የለመዱትን መልክ ካላዩ አንቀበልም አሉ። ስለዚህ መምቻ ቤቶቹ የሟቿን መልክ ከመጨረሻው ዓመት ቁጥር ጋር እንዳለ ይዘው ቀጠሉ። ኦስትሪያ በ1858 እ.ኤ.አ. ጠገራውን በራሷ ምድር ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑን ብታስቀርም ለውጭ ንግድ መምታቱን አላቋረጠችም። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች፤ ዛሬ የሚወጣውም 1780 ይላል። እስካሁን የተመታው ከ300 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይገመታል። በዚህ ምክንያት ከእናንተ 13 ጠገራ መካከል አንዱ በ1790ዎቹ፣ ሌላው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

የቀጠለበት ምክንያት ግን የመልኩ ውበት ወይም የንግሥቲቱ ዝና አልነበረም። የአንዱ ጠገራ ክብደት 28.07 ግራም፣ የብር ይዘቱ ከሺህ 833 ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ይህ ማለት እያንዳንዱ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ይዟል ማለት ነው፤ ይህ ልክ ከመቶ ዓመት በላይ አልተነካም። በዚያ ዘመን ነገሥታት ጦር ሲያዘምቱና ካዝና ሲጎድልባቸው ከገንዘባቸው ላይ ብሩን ቀንሰው መዳብ መጨመር የተለመደ ነገር ነበር። ጠገራውን የሚመታው መንግሥት ግን ገንዘቡን የሚጠቀምበት ለውጭ ገበያ ስለሆነ፣ ልኩን ቢያጎድል ነጋዴው ወዲያው ይተወዋል። የጠርዙ ጽሑፍም ሌላ ጥበቃ ነበር፤ ዙሪያውን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» (ፍትሕና ምሕረት) የሚል የላቲን ቃል ጎልቶ ስለተቀረጸ ጠርዙን ፍቆ ብር መስረቅ ወዲያው ይጋለጣል። አገራችን ውስጥ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር እኩል ሆኖ መቆጠሩ ይህ እምነት ምን ያህል እንደጠለቀ ያሳያል።

ወደ እኛ ያመጣውም ቅኝ ገዥ አይደለም፤ ንግድ ነው። የአውሮፓና የኦቶማን ነጋዴ ከየመን ቡና ሲገዛ በምትኩ የሚሸጠው ዕቃ ስላልነበረው ብር ከፈለ። ብሩ ከሞካና ከጂዳ ወደ ምጽዋ፣ ዘይላና ታጁራ ተሻገረ፤ ከዚያ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድ፣ በሰም፣ በቆዳ፣ እንዲሁም መሸፈን የሌለበት ነገር ነውና በባሪያ ንግድ በኩል ወደ መሐል አገር ገባ። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ማስመታት ካቆሙበት ከ7ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቶቻችን ስም የተመታ ገንዘብ አልነበረንም። በዘመነ መሳፍንት ደግሞ በመላ አገሪቱ የሚታመን ገንዘብ ሊያስመታ የሚችል ገዥ አልነበረም። ቦታው ባዶ ነበር፤ ጠገራው ገባበት። ከትልቅነቱ የተነሣ ግን ለዕለት ገበያ አይመችም ነበር፤ አንድ ቁና ጤፍ የሚገዛ ሰው ጠገራ አይዘረዝርም። ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌም ከአፋር ጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ትግራይ ውስጥ ለአንድ ጠገራ ብዙ አሞሌ ሲሰጥ ከፋ ሲደርስ ጥቂት ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ጥይትም እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ጀመር።

ጦርነት የገንዘቡን መጠን እንዴት እንደሚለውጥ ማየት ለሚፈልግ ሰው የመቅደላ ዘመቻ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት የእንግሊዝ ወርቅም የሕንድ ሩፒም ትግራይ ገበያ ላይ አይሠራም ነበር። መኖ፣ እህልና በቅሎ የሚሸጠው ገበሬ የሚቀበለው ጠገራ ብቻ ነው፤ እሱንም ገልብጦ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች አለመጥፋታቸውን አይቶ ነው። ስለዚህ እንግሊዞች ከቪየና ብዙ መቶ ሺህ አዲስ ጠገራ አስመትተው ይዘው መጡ። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል፤ ጦር መመገብ ማለት ብር የሚጭን በቅሎም መመገብ ማለት ነበር። ጦሩ ሲመለስ የከፈለው ብር እዚሁ ቀረ። መንገድ ለከፈቱላቸው ለካሣ ምርጫም፣ ኋላ ለአፄ ዮሐንስ ማለት ነው፣ 12 መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። በሰሜን ያለውን የኃይል ሚዛን የቀየረው ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ክብደት እሰጠዋለሁ። በ1870 እና 71 እ.ኤ.አ. ፕሩሲያ ፈረንሳይን ድል አደረገች፤ ፈረንሳይም 5 ቢሊዮን ፍራንክ ካሣ እንድትከፍል ተገደደች። አዲሱ የጀርመን መንግሥት በዚህ ካሣ ተደግፎ ገንዘቡን በወርቅ መሠረት ላይ አቆመና የነበረውን ብር ለገበያ አወጣ። ፈረንሳይና የገንዘብ ሸሪኮቿ የብር ገንዘብ መምታት ገደቡ፣ ቀጥሎም አቆሙ። አሜሪካም በ1873 ብርን ከመሠረታዊ ገንዘብነት አወጣች፤ በዚያው ጊዜ የኔቫዳ ማዕድን ብዙ ብር ያወጣ ነበር። ሕንድ በ1893 መምቻ ቤቶቿን ለብር ዘጋች። ውጤቱ ለንደን ላይ ታየ፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያ አንድ አውንስ ብር 60 ፔንስ ያህል ያወጣ ነበር፤ በ1894 ከ30 በታች ወረደ። ፈረንሳይ በተሸነፈችበት ሰዳን ላይ የተተኮሰ መድፍ አንኮበር ያለውን ጠገራ ግማሽ ዋጋውን አሳጣው ማለት ነው። ጠገራው ውስጥ ያለው 23.39 ግራም አልተነካም፤ በወርቅ ሲለካ ግን ዋጋው በግማሽ ቀነሰ።

ይህ ለምኒልክ መንግሥት የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ጠመንጃና ጥይት በፍራንክና በፓውንድ፣ ማለት በወርቅ ነው የሚሸጠው። በአፄ ዮሐንስ መጀመሪያ ዘመን በተወሰነ ጠገራ ይገዛ የነበረ ዕቃ በአድዋ ዋዜማ እጥፍ ጠገራ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ በአንፃሩ ይጠቀማል፤ አንድ ፓውንድ ሲያገኝ ከበፊቱ የበለጠ ጠገራ ይቆጠርለታል። ሸዋ ሐረርን በ1879 ዓ.ም. መያዟን ከዚህ ለይቶ ማየት አይገባም፤ ሐረር የቡናና የወደብ መንገድ ነበረች። በነገራችን ላይ የድሮ የዋጋ መዝገብ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ በ1860ዎቹ የተጻፈን «አሥር ብር» በ1890ዎቹ ከተጻፈው «አሥር ብር» ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ከዛሬው ብር ጋር ማወዳደርማ ጨርሶ አይሆንም።

የምኒልክ ብር የተወለደው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው። ከ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል በኋላ ራስ መኮንን ኔፕልስ ላይ የፈረሙት ተጨማሪ ስምምነት የሚመታው የኢትዮጵያ ገንዘብ በጣልያን መምቻ ቤት እንዲሠራ ይል ነበር፤ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ሐረር ጉምሩክን መያዣ አድርጎ ነበረበት። ምኒልክ ብድሩን ከፍለው ውሉን አፈረሱ፤ ገንዘቡንም ለፓሪስ ሰጡ። አዋጁ በ1885 ዓ.ም. ወጣ፤ የመጀመሪያው ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ቁጥር ይዞ መጣ። ክብደቱ 28.075 ግራም፣ የብር ይዘቱ ከሺህ 835 ነው፤ ከጠገራው በጥቂቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። እና «ብሩ የጎደለ ስለሆነ ሕዝብ ጠላው» የሚለው ወሬ በሚዛን ላይ አይቆምም።

ያልተሳካበትን ምክንያት እንዲህ አየዋለሁ። አንደኛውና ዋነኛው መጠኑ ነው፤ የ1887ቱ 20,000 ያህል ብቻ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የተመቱትም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እንጂ አገር የሚያዳርሱ አልነበሩም። ቀጥሎ ባሕሩ ነው። ነጋዴው ቡናውን ሸጦ ጨርቅ የሚገዛው ኤደን ላይ ነው፤ እዚያ ጠገራው በስሙ ሲያልፍ የምኒልክ ብር እንደ ተራ ብር ተመዝኖ ከዋጋው ይቀነስለታል። አገር ውስጥ እኩል የሆኑ ሁለት ገንዘቦች ከዘይላ ወዲያ እኩል ካልሆኑ፣ ነጋዴው የቱን እንደሚይዝ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ አዲሱን ገንዘብ የሚመነዝር ባንክ አልነበረም፤ የአቢሲኒያ ባንክ በምኒልክ ተመርቆ የተከፈተው በየካቲት 1898 ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ጉልበት ነበረው፤ ነገር ግን አዋጁ ኤደን አይደርስም። የተሳካው ትንንሹ ነው፤ አላዱ፣ ሩቡ፣ ግርሹና ቤሳው ጠገራው ያልነበረውን ዝርዝር ስለሰጠ በከተሞች ገበያ ቦታ አገኘ።

ጣልያንም በዚሁ ግድግዳ ላይ ተጋጭታለች። ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኤርትራ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ፣ ታላሪ የሚባል የብር ገንዘብ አስመታች፤ አልሄደላትም። በ1918 ማሪያ ቴሬዛን የሚመስል የሴት መልክ ቀርጻ እንደገና ሞከረች፤ ነጋዴው መልኩ እንዳልሆነ አወቀና ገፋው። ከአድዋ በኋላ ለምርኮኞቹ ማቆያ የተከፈለው 10 ሚሊዮን ሊሬ እንኳ ሊሬን አገር ውስጥ አላስለመደም።

የአንደኛው ዓለም ጦርነት ነገሩን ገለበጠው። ቪየና የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጠላት ስለሆነች አዲስ ጠገራ መምጣቱ ተቋረጠ። ሕንድና ቻይና ብር ፈለጉ፤ አሜሪካ በ1918 በወጣ ሕግ ከ250 ሚሊዮን በላይ የራሷን የብር ዶላር አቅልጣ አብዛኛውን ለእንግሊዝ ሕንድ ሸጠች። በ1920 መጀመሪያ ለንደን ላይ አንድ አውንስ 89 ፔንስ ደረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጠገራ ከገንዘብነቱ ይልቅ እንደ ማዕድን ይፈለጋል፤ ይወጣል፣ ይቀልጣል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1915 እ.ኤ.አ. የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም ከአዲስ አበባና ከባቡሩ ከተሞች ነጋዴ አልዘለቀም። ቀጥሎ ብር ተመልሶ ወደቀ፤ በ1931 ከ1920ው ዋጋ ሩቡን እንኳ አያወጣም ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ የአቢሲኒያ ባንክን ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ ያደረጉት በዚያው ዓመት ነው፤ ቡናም ብርም በአንድ ላይ በወደቁበት ጊዜ።

አሁን ወደ ወንድምዎ ነጥብ። ጠገራው ጣልያን ከመምጣቷ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ እዚህ ነበር። ሆኖም በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ ውስጥ ከጠገራ ሌላ ገንዘብ እንደማይሠራ ስላወቀ፣ ከኦስትሪያ ጋር ተዋውሎ የመምቻ ቅርጹንና ለ25 ዓመት የመምታት መብቱን ወሰደ፤ ሮምም መምታት ጀመረች። በቀይ ባሕር የሚነግዱት እንግሊዝና ፈረንሳይ ደግሞ ጠገራ ከጣልያን እንለምናለን ብለው አልተቀመጡም፤ ፓሪስና ለንደን፣ ቀጥሎ ብራስልስ፣ በሁለተኛው ጦርነት ጊዜም ቦምቤይ ያንኑ መልክ በ1780 ቁጥር መቱ። በወረራው ዘመን ሊሬ በአዋጅ ብቸኛ ገንዘብ ቢሆንም ገበሬው ወረቀቱን አልወድ አለ፤ ጠገራውን ቀበረ። ከነሐሴ 1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮሎኔል ሳንድፎርድ የተመራው ቡድን፣ ቀጥሎም የዊንጌት ጦር ጎጃም ሲገቡ ለአርበኛውና ለጭነት ከብቱ የከፈሉት በጠገራ ነው። ከእናንተ 13 ውስጥ በአንደኛው ወገን ሮም ውስጥ፣ በሌላኛው ወገን ሕንድ ውስጥ ተመትተው እዚሁ የተገናኙ ሊኖሩ መቻላቸው ለእኔ የዚህ ሣጥን ትልቁ ሀብት ነው።

የጠገራው ዘመን የተዘጋው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ከነፃነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ፣ ጠገራና የቀረ ሊሬ አብረው ይዘዋወሩ ነበር፤ በዚያ ቀን በመንግሥት ባንክ በኩል አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሁለት ሺሊንግ ሒሳብ ወጣ። ይኸኛው የምኒልክ ያልነበረው ሁለት ነገር ነበረው፤ በአገር ደረጃ የሚሠራ ባንክና ወረቀቱ እንዲታመን የሚያደርግ፣ ከብር የተሠራ 50 ሳንቲም። ለ50 ሳንቲሙ የሚሆነውን ብር ያበደረችው አሜሪካ ናት። ሰው ወረቀቱን ያመነው በሽልንግ ወይም በወርቅ ሒሳብ አይደለም፤ ወረቀቱን ሰጥቶ እጁ ላይ የሚከብድ ብር ማግኘት በመቻሉ ነው።

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። በቅድሚያ ሁሉንም በወርቅ ቤት ሚዛን፣ እስከ 0.01 ግራም በሚያነብ፣ አንድ በአንድ ያስመዝኑ፤ ሚዛኑ ፊት እርስዎ ይቁሙ። ያልተበላ ጠገራ 28 ግራም አካባቢ ነው፤ በአገልግሎት የተበላ 27.5 ሊሆን ይችላል። ከ27 በታች የወረደ ካለ ለብቻ ያስቀምጡት፤ ወይ እጅግ ተበልቷል፣ ወይ ተፍቋል፣ ወይ ሐሰተኛ ነው። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ማግኔት ካነሣው ብር አይደለም፤ ማግኔት ስላላነሣው ግን ብር ነው ማለት አይቻልም፤ ነሐስንም አያነሣም።

ሐሰተኛውን የሚያጋልጠው የውኃ ሚዛን ነው፤ ገንዘቡንም አይጎዳም። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት። ጠገራውን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጥ ወደ ውኃው ያውርዱት፤ የብርጭቆውን ወለልና ግድግዳ እንዳይነካ፣ የአየር አረፋም እንዳይዝ። 28.07 ግራም የሚመዝን እውነተኛ ጠገራ ሚዛኑ ላይ 2.75 ግራም ያህል ያሳያል። 3.2 ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ ነሐስ ወይም ሌላ ቀላል ቅይጥ ነው፤ 2.5 አካባቢ ከሆነ ውስጡ እርሳስ አለበት። በዚህ ፈተና ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወለሉን አስነክቶ ነው፤ ያኔ ሚዛኑ ሙሉውን ክብደት ማንበብ ይጀምራል። ቀጥሎ ጠርዙን በማጉያ መነጽር ይዩ። ጽሑፉ ጎልቶና ጥርት ብሎ መነበብ አለበት፤ ዙሪያውን የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር ካለ በቅርጽ የፈሰሰ አስመሳይ ነው።

ጠርዙ ላይ፣ በተለይ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ፣ የብየዳ ምልክት ካለ ጠገራው የአንገት ጌጥ ሆኖ የኖረ ነው። እውነተኛ መሆኑን አይቀንስም፤ ሰብሳቢ የሚከፍለውን ዋጋ ግን ይቀንሳል። የየትኛው ከተማ ሥራ እንደሆነ የሚለየው በንሥሩ የጅራት ላባዎች፣ በትከሻ ጌጡ ቅርጽና ከመልኩ ሥር ባሉት ሁለት ፊደላት አጠገብ ባሉት ነጥቦች ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ በስልክ ፎቶ የሚፈርድ ሰው ካገኙ አይመኑት። ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጠይቀው የት መታየት እንደሚችል መረጃ መውሰድ ይሻላል።

የምኒልኩን ዓመት በግዕዝ ቁጥር ያንብቡ። ፲፰፻፹፯ ከሆነ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው፤ ፲፰፻፹፱ ወይም ፲፰፻፺፭ ከሆነ የበለጠ የተለመደ ነው። ቁጥሩ የእኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይርሱ፤ የውጭ ሰብሳቢዎች ሰባት ስምንት ዓመት ያዛቡታል።

ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙናና ሶዳ የተከለከሉ ናቸው። ጥቁረቱ ብሩ ከድኝ ጋር የፈጠረው ቀጭን ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። አሲድ ሽፋኑን ሲያነሣ ከላዩ ብርም አብሮ ይሄዳል፤ አመድ ደግሞ ይፍቃል። የነጣ ጠገራ ለዓይን ሊያምር ይችላል፤ ገዥ ግን ወዲያው ያውቀዋል፣ ያ ጉዳትም አይመለስም። አፈር ካለባቸው በተጣራ ውኃ አለቅልቀው በጥጥ ጨርቅ ሳያሹ ያድርቁ። ሲይዙ በጠርዛቸው ይያዙ። ለስላሳው የፕላስቲክ ከረጢት በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፤ እያንዳንዱን በተለየ ወረቀት ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ያኑሩ።

ስለ ዋጋው፦ ሚሊዮን የሚባለውን ይርሱት። የተለመደ፣ የተበላ ጠገራ የሚያወጣው ከውስጡ ብር ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ለዚያ ዝቅተኛው ልክ ግን ሒሳብ አለ። የዕለቱን የንጹሕ ብር ዋጋ በግራም ይጠይቁና በ23.39 ያባዙት። የ13ቱ በአንድ ላይ፣ ያልተበሉ ከሆኑ፣ 304 ግራም ንጹሕ ብር ይሆናል፤ ከዚህ ሒሳብ በታች ለሚል ሰው አንዱንም አይስጡ። ወርቅ ሠሪው «ቅይጥ ነው» ብሎ በጅምላ ሲቀንስ ከሺህ 833 መሆኑ የታወቀ ነውና ዝም አይበሉ። የስጦታ ዕቃ ሱቆች ለቱሪስት ስለሚሸጡ አንዳንዴ ከማቅለጫው ይሻላሉ። ወደ ውጭ ላለ ዘመድ መላክ ወይም ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ቦሌ መሄድ ግን አይሞክሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ጉምሩክም ይይዘዋል። ፈቃዱን የሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ነው።

የእኔ ምክር አያወላውልም። አንዱም አይቅለጥ። የምኒልኩ በምንም ዋጋ አይሸጥ፤ ጠርዛቸው ጥርት ያሉ፣ ብየዳ ያልነካቸው ጠገራዎችም መምቻ ቤታቸው እስኪለይ ይቆዩ። ገንዘብ ካስቸገራችሁ ብየዳ ያለባቸውንና ክብደታቸው የጎደለውን ብቻ መርጣችሁ፣ እንደ ገንዘብ እንጂ እንደ ብር ስባሪ ሳይሆን ሽጡ። ከመሸጣችሁ በፊትም አያታችሁ ከየት እንዳገኟቸው የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ጠይቃችሁ ጻፉት፤ ከቡና ሽያጭ፣ ከጥሎሽ ወይም ከአርበኝነት ዘመን መሆኑን ከጠገራው ላይ የሚያነብ ባለሙያ የለም።